ለማያያዣ ያህል

ሰኞ፣ ጥር 5

ሐኪሟ ዛሬ የባሌን እግር አገላብጣ አየችና ጓንቷን አውልቃ ቁጭ አለች። ቁጭ ማለቷን አልወደድኩትም። ሐኪም ቆሞ የሚናገረው ነገር ቀላል ነው፤ ወንበር ስቦ ከተቀመጠ ግን ነገር አለ።

ቁስሉ ከግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር ነው። የጫማው ሚስማር ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲወጋው ውሎ አልተሰማውም። ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ካልሲውን ሳወልቅለት። ስኳሩ የእግሩን ስሜት በልቶታል አለች። "ስኳርዎ ከወረደ ቁስሉ ይድናል። ካልወረደ ወደ አጥንት ይገባል፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ መቁረጥ ነው። ነጭ ዱቄት የሚባል ነገር አይንኩ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ተነሥቼ ምን ልንካ?" አላት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

መንገዱ ጥግ ያለው ፒዛ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እሳቱ ፊት የቆመው ባሌ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባለምድጃው ይለዋል፤ እኔም ተጣብቆብኝ ስናደድበትም ስወደውም ባለምድጃው እለዋለሁ። ከክፍሉ ከወጣን በኋላ ሐኪሟ እኔን ለብቻዬ መልሳ ጠራችኝና ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብ አሳየችኝ። እዚያው ትንሽ አለቀስኩ። እሱ ኮሪደሩ ላይ በሩን እያየ ጠበቀኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

አይበላም። ሰላጣ ሰጠሁት፣ "ፍየል አደረግሽኝ" አለ። ዓሣ ጠበስኩ፣ ሸተተኝ አለ። እንቁላል ቀቀልኩ፣ አንዱን በላና ሌላውን እንደ ኳስ ሳህኑ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ደግሞ ለምኜ፤ ወይ ፍንክች። የስኳር መርፌውን ተወግቶ ካልበላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ልጄ ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። "እማዬ፣ ፒዛ እኮ ያለ ዱቄትም ይሠራል። አበባ ጎመን ትፈጫለሽ፣ እንቁላልና ቺዝ ታደርጊበታለሽ፣ ቂጣውን ከዚያ ትጋግሪዋለሽ። አባዬ ሌላው ሁሉ ቢያስጠላው ይህን እምቢ አይልም። አሠራሩን ጽፌ እልክልሻለሁ።"

ላከችው። አልከፈትኩትም። የፒዛ ሠሪ ሚስት ሆኜ የፒዛ አሠራር ከስልክ ላንብብ?

ዛሬ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

አበባ ጎመኑን ቀቀልኩ፣ ፈጨሁ፣ እንቁላል መታሁበት፣ ቺዝ ፈርፍሬ ጨመርኩ፣ ትሪ ላይ ዘርግቼ የኤሌክትሪክ ምድጃችን ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ጫፉ አርሮ መሀሉ ይንቦጫቦጫል። ላነሣው ስል እጄ ላይ ተበተነ።

ባለምድጃው ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ያየኛል። አይገባም። ድሮም አይገባም፤ የፒዛ ቤቱ የእሱ፣ የቤቱ የእኔ፣ እንደዚያ ነው ተከፋፍለን የኖርነው። "ይሄን በሹካ ነው ወይስ በጭልፋ የምንበላው?" አለና ሳቀ። ከዚያ እያነከሰ ሄደ። ቆሽቴ አረረ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሥራ ቦታ። የምሠራው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽን የምታዞረው ጓደኛዬ ሳልጠይቃት "የእኛ ጎረቤትም እንዲሁ በጣት ጀምሮ በጉልበቱ ጨረሰ" አለችኝ። እኔ አንድ ስስ የጠረጴዛ ልብስ እየጨመቅኩ ነበር፤ ማሽን የሚጎዳውን ሁሉ በእጅ የምጨምቀው እኔ ነኝ። ስሰማት እጄ ሳላውቀው እያጠበቀ ሄደ።

"ሴትዮ፣ ጠብታ እንኳን አልቀረውም፤ ልትቀድጂው ነው" ብላ ነጠቀችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሁለተኛው ሙከራ። ተበተነ። ሦስተኛው፣ እንቁላል ጨምሬ። ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ ስኳሩ ወርዶ ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሩ ነጣ፣ ስሜን ጠርቶ የቀረውን መናገር አቃተው። ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣሁት፣ ሐኪሟ ባስተማረችኝ መሠረት። ስኳር የጣለውን ሰው በስኳር ማንሣት። ማንኪያው ጥርሱ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ነገ መብላት አለበት። የመጣው ይምጣ፣ ነገ ይበላል።

እሑድ፣ ጥር 18

በላ። ሙሉውን በላ።

አበባ ጎመኑ ላይ ለማያያዣ ያህል አንድ ማንኪያ ዱቄት ጣል አደረግኩበት። አንድ ማንኪያ ምን አላት? በየቁራጩ ሲካፈል ምን ይደርሰዋል? የሚይዘው ነገር ያስፈልግ ነበር፣ ያዘ፣ አለቀ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ነከሰና ማኘኩን አቆመ። አየኝ። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

"ምነው?" አልኩት።

"ምንም። ጥሩ ነው።"

"አበባ ጎመን ነው" አልኩ፣ ሳይጠይቀኝ።

"አዎ" አለ። ቀስ እያለ በላ፣ ጠርዙ ሳይቀር። ሲጨርስ እጄን ይዞ "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። በተጋባን ሰሞን ካልሆነ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። በደስታ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ሻይ እየጠጣን ነበር። "ሐኪሟ ያን ዕለት ለብቻሽ ስትጠራሽ ምን አለችሽ?" አለኝ።

"ስለ ቁስሉ ነዋ። አስተጣጠቡን አሳየችኝ።"

"ይኸው ነው?"

"ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል?"

"እሺ" አለ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ተነሣ። አንጀቴን በላው። መብላቱ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ሰው ሲጠግብ ጠባዩም ይለሰልሳል።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዛሬም በላ። ሁለት ማንኪያ። ማንኪያው የሾርባው ነው፣ ግን ሞልቼ አልሰፈርኩም።

ዱቄቱን ከልብስ ሳሙናው ኋላ አስቀመጥኩት። መደርደሪያው ሞልቶብኝ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ስኳሩ ጨምሯል። ጠዋት ለካሁት፣ አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁት። መለኪያው ሳይበላሽ አልቀረም።

ከሰዓት የፒዛ ቤቱ አስተናጋጅ ሊጠይቀው መጣ፤ አብረው ያረጁ ናቸው። ሲስቁ ሲሳሳቁ ቆዩና ባለምድጃው ፒዛ ከእሳት የሚያወጣበትን ባለ ረጅም እጀታ የእንጨት አካፋ ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። "ውሰደው። ከእኔ ቀጥሎ ለሚቆመው ስጠው።"

"ስትመለስ በእጅህ ልታወጣ ነው?" አለው አስተናጋጁ።

"አንተ ዝም ብለህ ውሰድ።"

ሰውዬው በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ እኔን አየኝ፣ የሆነ ነገር እንድነግረው የሚጠብቅ ይመስል። "አረፍ ማለት ፈልጎ ነው" አልኩት። ያን አካፋ እኔ እንኳን እንድነካው አይፈቅድም ነበር። ምን አስከፋኝ ታዲያ? የሥራውን ሐሳብ ከላዩ አወረደ፣ ሰላም አገኘ ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለእህቱ ደወለ። እናታቸው ያረፉ ጊዜ በአንድ ቁም ሣጥን ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። "ቁም ሣጥኑ የአንቺ ነው፤ ድሮም በእኔ ቤት በር አይገባም ነበር" ይላታል። የእሷ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ትሳቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁትም። ቀጥሎ "ቂም ይዞ መሄድ ምን ያደርጋል" አለ።

ሲጨርስ "የት ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"በዚህ እግር የት እሄዳለሁ?" ብሎ ሳቀ።

ስኳሩ አልወረደም። መለኪያውን በራሴ ጣት ሞከርኩት፣ ደህና ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6፣ ሌሊት

ውጭ እየበላ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። እኔ ሥራ ስውል አስተናጋጁ ያመጣለታል፣ ወይም ራሱ እያነከሰ ዳቦ ቤት ይሄዳል። የካፖርቱን ኪስ ገልብጬ ፍርፋሪ ፈለግኩ። እጅጌውን አሸተትኩ። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ይባስ አስጠረጠረኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ዳቦውን የት ነው የምትበላው?"

"ከዚህ ቤት ውጭ ቁራሽ አልቀመስኩም።"

"ታዲያ ስኳሩ ከሰማይ ወረደ?"

"አንቺ የሰጠሽኝን ነው የበላሁት" አለ፣ ረጋ ብሎ።

ረጋ ማለቱ አሳበደኝ። ውሸታም አልኩት። በገዛ እግርህ ትቀልዳለህ፣ በእኔ ልፋት ትቀልዳለህ፣ አንተ ብትወድቅ የምትወድቀው እኔ ላይ ነው አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሱ ግን ሊቆጣ እንኳን አልፈለገም። "ተይ፣ በአሁኑ ሰዓት ባንጣላ ይሻላል" አለ።

አሁን ተኝቷል። እኔ እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ ያለ ዱቄት ልጋግርለት ብዬ ነበር። ከሥራ ቀጥታ ገብቼ ጀመርኩት። ተበተነ። ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁትና ሌላ ሠራሁ፣ በአንድ እፍኝ፣ ምናልባት ከእፍኝም ትንሽ ይበልጥ ይሆናል። ምን ላድርግ? ካልበላ መርፌው ይጥለዋል። ያን የነጣ ከንፈር ሁለተኛ ማየት አልችልም። እፍኝ ዱቄት እግር አያስቆርጥም። ዳቦ በዳቦ ላይ እየበላ ጤነኛ የሆነ ስንት ሰው አለ። እኔ ሚስቱ ነኝ እንጂ ጠላቱ አይደለሁም። ይህን ለማን እንደምጽፈው አላውቅም፤ የጠየቀኝ የለም።

ነገ እቀንሳለሁ። ግማሽ እፍኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቁስሉን ላጥብለት ስል "ዛሬ ይቅርብሽ፣ አትድከሚ" አለኝ። ትናንትም ይህንኑ ነው ያለው። በግድ ፈታሁት። ሽታው አይጣል ነው። ዙሪያው ጠቁሯል።

ዛሬውኑ እንሂድ አልኩት። "በቀጠሯችን እንሄዳለን፣ ሐሙስ ምን አላት" አለ። እሺ አልኩ። እሺ ስል ቀለል እንዳለኝ ልደብቅ አልችልም። ሐኪሟ "ምን ሲበላ ሰነበተ?" ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ትኩሳት። ጫማ እምቢ አለው፣ በፎጣ ጠቀለልኩት። ታክሲ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፈተ። ወረፋ። አስገቡት። እኔን ውጭ ቆዪ አሉኝ። ይህን ደብተር ለምን ይዤ እንደወጣሁ እንጃ፤ ቅያሪ ልብሱን ረስቼ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሐኪሟ ዛሬም ወንበር ስባ ተቀመጠች። አጥንቱ ተበክሏል፣ መርዙ ወደ ደሙ ሳይዘልቅ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቆረጥ አለበት፣ ነገ ጠዋት። የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

ባለምድጃው "ከዚያስ?" አላት።

"ከዚያማ ሲድንልዎ ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምልዎታል። ቀስ በቀስ መራመድ ይለምዳሉ።"

"እሱን አይደለም። ስንት ጊዜ ይቀረኛል?"

"ለምኑ?"

"ለመሞቴ ነዋ።"

ሐኪሟ ግራ ገብቷት አየችው። "ማን ነው ይሞታሉ ያለዎት? ስኳርዎን ከተቆጣጠሩ ገና ብዙ ይኖራሉ።"

"እግሬ ብቻ ነው?" አለ። "እግሬ ብቻ?" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ብቻችንን ትታን ወጣች።

ፊቱን በአንሶላው ጠረገ። "ታዲያ ዱቄቱን ለምን ጨመርሽበት?" አለኝ።

ሐኪሟ የተወችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ንክሻ። ስንት ዘመን ዱቄት ስተነፍስ ኖሬ አበባ ጎመን ውስጥ ብትደብቂው ይጠፋኛል?"

"ለምን ዝም አልክ?"

"ለብቻሽ ጠራችሽ። ስትወጪ ዐይንሽ ቀልቷል። ሰንበት ብሎ ደግሞ ዱቄት አበላሽኝ፣ 'አበባ ጎመን ነው' ብለሽ። ተስፋ የለውም ብለዋታል፣ የቀረችኝን ቀን ደስ ብሎኝ እንድበላ ፈልጋ ነው አልኩ። ላሳጣሽ አልፈለግኩም። እኔ እኮ ስንብት መስሎኝ ነው የበላሁት።"

አካፋው። ቁም ሣጥኑ። "አትድከሚ" ማለቱ። ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ይህ ሰው ዐይኔ ሥር ለሞቱ ሲሰናዳ እኔ ሰላም አገኘ እያልኩ ስጽፍ ነበር። ይባስ ብዬ ውሸታም አልኩት።

"ለማያያዣ ነው" አልኩት።

"እ?"

"እየተበተነ አስቸገረኝ። እንዲያያዝልኝ ነው። ማንም ምንም አላለኝም። ሌላ ምንም የለውም።"

ጣራውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ፒዛ ቤት ሰው በሚያዝበት ድምፁ "ውሃውን ጨምቀሻል?" አለ።

"የምኑን ውሃ?"

"የአበባ ጎመኑን። ከተቀቀለ በኋላ። በጨርቅ።"

አልጨመቅኩም። እጄን አየ፤ እኔም የገዛ እጄን አየሁት፣ ከሳሙናና ከመጭመቅ ብዛት የተላጠውን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ተቆርጧል። ብርድ ልብሱ በግራ በኩል ሜዳ ነው። ሲነቃ ያን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ውሃ ልስጥህ? ዝም። አብሬህ ልደር? "ሂጂ።" ሐሙስ ስለሳቀ ምን ጠብቄ ነበር? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እኔ እሱን በዚያ ሁሉ ጎረቤት ፊት እንደሰደብኩት።

ቢላውን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳን እዚህ ላይ ልጻፈው።

ልጄ መጥታለች። "እማዬ፣ እስቲ ምን ሲበላ ነበር?" አለችኝ። እሱ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር "ያገኘሁትን ስበላ ነበር፤ እናትሽን ተያት" አላት። ያን ጊዜ ከማፈሬ የተነሣ ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ቤት ገብተናል። የሚያናግረኝ ስለ ክራንቹና ስለ መድኃኒቱ ብቻ ነው። አስተናጋጁ አካፋውን መልሶ አምጥቶ ከበሩ ኋላ አቁሞት ሄደ። ባለምድጃው አየው፣ አልነካውም።

ዱቄቱን ከሳሙናው ኋላ አውጥቼ ደፋሁት። የልጄንም መልእክት ከፍቼ አነበብኩት። "ጠብታ እስከማይቀረው ድረስ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቂው" ይላል። ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 30

ጠዋት አበባ ጎመን ስቀቅል ክራንቹ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። በሩ ላይ ቆመ። እንደ ድሮው ተደግፎ ያያል ብዬ ነበር። "ወንበር ስጪኝ" አለና ገባ።

ተቀምጦ "ጨርቅ አምጪ" አለ። አመጣሁ። "ጭመቂ።" ጨመቅኩ። "ገና ነው።" ደግሜ ጨመቅኩ። "ገና ነው፣ ይሄን ነው እንዴ ስትጨምቂ የኖርሽው?" ውሃው ጽዋ ሞላ። ክንዴ እስኪዝል ጨመቅኩ፤ እንባዬን በትከሻዬ እየጠረግኩ። ከዚያ ከጨርቁ ውስጥ ቆንጠር አድርጎ ጉንጩ ላይ አስነካው፣ እርጥበቱን ሊለይ። "አሁን ይሆናል" አለ። እንቁላሉንና ቺዙን እኔ ጨመርኩ፣ ጠርዙን በጣቱ እሱ ያዘው።

ከአንድ ጥጉ ተሰነጠቀ። የቀረው ያዘ። አንዱን ቁራጭ በእጄ አንሥቼ ሰጠሁት፤ አልተበተነም።

ነከሰ። ማኘኩን አቆመ። ቀስ አድርጎ አላመጠው፣ እስኪውጠው ድረስ አጣጣመው።

"የለውም" አለ።

"የለውም" አልኩ።

"ፒዛም አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"እንጃ። ይበላል።" ሁለተኛውንም ቁራጭ እንዲሁ አጣጥሞ ነው የዋጠው፣ ሦስተኛውንም። ከእንግዲህ በእኔ እጅ የተሠራውን ሁሉ እንዲህ እያጣጣመ እንደሚውጠው ገባኝ። ምን እላለሁ? መብቱ ነው።

በመሀል ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አኮማተረ። "ምነው?" አልኩ ደንግጬ።

"እግሬን በላኝ" አለ። "የሌለውን እግሬን፣ አውራ ጣቱ ሥር።" በነበረ ጊዜ ሚስማር ሲወጋው ያልተሰማው እግር። አፈረ መሰለኝ፣ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ከወንበሬ ወርጄ ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ሰደድኩና እግሩ ሊኖር ይገባው የነበረውን ቦታ፣ ባዶውን፣ በጣቶቼ አከክኩለት።

ቁራጩን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ "ትንሽ ወደ ግራ" አለኝ።